የበር ላይ ጉምሩክ

አንዲትን እናት አንድ ተራ ቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ሩብ ሳሙናና ሃያ ደቂቃ ያስወጣታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ገና ከበሩ ውጭ ነው። ባሏ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጣል። እሷን ደግሞ ጎረቤቱ «ጉምሩክ» ይላታል፤ ሳይፈተሽ የሚገባ የለማ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሕፃኗ ልጃቸው እንቅልፍ እምቢ ስትል መላው አንድ ነበር፤ የአባቷ የሥራ ጃኬት። እናት አራግፋ ትጠቀልላትና ታጠባታለች፤ ልጅቱም ጠግባ ኮሌታውን እየመጠጠች ጭልጥ ትላለች። «የአባቷ ልጅ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በሰባተኛ ወሯ ልጅቱ ገረጣች፤ ምግብም አልገባላት አለ። ጤና ጣቢያ የእናትም የልጅም ደም ተመረመረና እርሳስ ተገኘበት። ነርሷ ብዙ ብታስረዳም፣ በእናት ጆሮ የቀረው «በጡት ወተትም ያልፋል» ያለችው ብቻ ነው።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጡት አስጥላታለሁ።»

«ተይ እንጂ እህቴ፤ በደምሽ ያለው መጠን ጡት የሚያስጥል አይደለም። ይልቅ አንቺ ጋ ከየት መጣ? ልጅቱስ ምን ላይ ነው የምትተኛው?»

እናት ቁልቁል አየች። ባሏ ለልጅቱ ትቶት የወጣው ጃኬት፣ ማታ ማታ ከምታራግፈው የእርሳስ ብናኝ ጋር፣ እቅፏ ውስጥ ነበር።

የዚያን ዕለት ባሏ ከሥራ ሲመለስ ባልዲ፣ ሳሙናና ንጹህ ልብስ ደጃፍ ላይ ጠበቁት።

«ሰፈር እያየኝ ልራቆት?»

«መጋረጃ ሰቅያለሁ። ደግሞ ማን ጉዳዬ ብሎ ያይሃል።»

«እሺ፣ ልጄን ልሳምና እታጠባለሁ።»

«ታጠብና ሳማት።»

«የሚያበላንን ሥራ ጠላሽው በይኛ።»

«ሥራህን አልጠላሁም። ቤቴ አይገባም ነው ያልኩህ።»

ከዚያ ወዲህ ጃኬቱ የሚያድረው ሥራ ቦታው ምስማር ላይ ነው። ወለሉም በደረቁ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ልጅቱ ያለ ጃኬቱ አልተኛም ብላ ሳምንት ስታለቅስ፣ እናት ሳምንቱን ሙሉ አዝላት ዋለች። ማጥባቱን ግን አላቋረጠችም።

ከሦስት ወር በኋላ የእናትና የልጅ ደም እንደገና ታየ። በሁለቱም እርሳሱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። እናት የሚቀጥለውን ቀጠሮ አስጽፋ ወጣች።

አሁን ባሏ ታጥቦ ሲጨርስ መዳፉን ይዘረጋል። «የሚቀረጥ የለኝም፣ ጉምሩክ።»

«ጥፍርህንስ?»

ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። ቤታችሁ ባትሪ የሚፈታ ወይም እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ካለ፣ ልጅ ከማቀፉ በፊት ሳሙና አቀብሉት፤ የሥራ ልብሱንም ደጅ አስቀሩት። ቢያኮርፍ ተዉት፤ የእሷም ባል ሳምንት አኩርፎ ነበር።