ናቪጌተር የጎደለው ቡድን

አባባ ሲያትል በመጡ በመጀመሪያው ክረምት ቤት መዋል ሰለቻቸው። እኔ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ስለነበር አንድ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። "ሽማግሌ መጦሩ አልበቃ ብሎሽ ሌላ ሽማግሌ ትጨምሪበታለሽ?" እያሉ ነው የተከተሉኝ።

እዚያ ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን የጅራት ተኳሽ፣ ከኋላ ተቀምጦ መትረየስ የሚተኩስ፣ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው። ላገኘው ሁሉ አንድ ፎቶ ያሳያል፤ አሥር ወጣቶች አውሮፕላናቸው ሥር ቆመው ይስቃሉ። አባባ ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ካዩት በኋላ፣ አየር ኃይል በተማሩት እንግሊዝኛ፣ "ለአንድ አውሮፕላን አሥር ሰው? ሰርግ ነው እንዴ የምትሄዱት?" አሉት።

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ደግሞ ስለ ቦምብ ጣይ ምን ታውቃለህ?"

"በኢትዮጵያ አየር ኃይል ቦምብ ጣይ ላይ ሠርቻለሁ። የእኛ ሁለት ሰው ይበቃው ነበር። ጓደኛዬ ያበርራል፤ እኔ ናቪጌተር ነኝ፣ መንገዱን እመራለሁ፤ ቦምቡንም የምጥለው እኔው ነኝ።"

"ማዕረግህስ?"

"ሻምበል።"

ሽማግሌው ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀጥ አለ። "ሃምሳ አለቃ፣ የጅራት ተኳሽ!" ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። አባባ ግራ ገባቸው። ከዚያ ሹራባቸውን ሳብ ሳብ አድርገው አጸፋውን መለሱ። ለማዕረጋቸው ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ሲያትል ከመጡ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ጫማቸውን አሥረው ይጠብቁኝ ጀመር። ሁለቱ ፎቶውን መሐል አድርገው ይከራከራሉ። ከአሥሩ አብራሪው፣ ረዳቱ፣ ናቪጌተሩና ቦምቡን የሚጥለው ሰው መኮንኖች ናቸው፤ የቀሩት ተኳሾችና የሬዲዮ ሠራተኛው ከመኮንን በታች። "የሰማዩ ቅዝቃዜ ግን ማዕረግ አይለይም ነበር" ይላል ተኳሹ።

በጋ ሲገባ የቡድኑ የድሮ አብራሪ ከጎረቤት ከተማ ከቤልቪው ለተኳሹ ኮል አደረገ። ልጁ ልክ እንደ ድሮው አውሮፕላናቸው ያለ፣ ታድሶ የሚበር ቦምብ ጣይ አግኝቷል፤ አንድ ዙር ሊያበሯቸው ነው። ከአሥሩ መምጣት የቻሉት ግን እሱና ተኳሹ ብቻ ነበሩ። ናቪጌተራቸው ባለፈው ዓመት አርፏል።

ተኳሹ ስልኩን ይዞ ወደ አባባ ዞር አለ። "ያለ ናቪጌተር አልሳፈርም" አለው አብራሪውን። "ደግነቱ አንድ አግኝቻለሁ።"

ቅዳሜ ዕለት እኔም ተጨምሬ ተሳፈርን። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። አባባ ግን አየር ላይ እንደተረጋጋን፣ ያ ሁሉ የወገብ ሕመም የት እንደገባ እንጃ፣ በጠባቧ መተላለፊያ እየዳሁ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ገቡ። እዚያ በመስታወቱ ሥር የናቪጌተሩ ጠረጴዛ አለ። እኔ ከተኳሹ ጋር መሐል ላይ፣ ወገብ በሚሉት ቦታ ቀረሁ። ሁላችንም ጆሯችን ላይ መነጋገሪያ ያለው ማዳመጫ አድርገናል።

ሽማግሌው አብራሪ ከሚያበሩት ወጣቶች ጀርባ ቆሞ፣ እንደ ጥንቱ ሰዎቹን ይጠራ ጀመር።

"ጅራት?"

"ወገብ ላይ ነኝ፣ ጌታዬ! ጅራት ድረስ ልሄድ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ!"

"ናቪጌተር?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያረፈው ጓደኛው ትዝ ብሎት ይመስለኛል። ተኳሹም አንገቱን ደፋ።

"ናቪጌተር ዝግጁ ነኝ" አሉ አባባ።

"የት ነን?" አለ አብራሪው።

"ዋይት ሴንተር ላይ። የልጄ ቤት ከሥራችን ነው። በረንዳው ላይ ልብስ አስጥታለች፤ ሁለቱ ካልሲዎች የእኔ ናቸው።"

ተኳሹ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ አለቀስኩም።

መሬት ስንወርድ ሽማግሌው አብራሪ አባባን አቅፎ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃቸውም። በጦርነቱ ጊዜ ገና መቶ አለቃ እንደነበረ ነገራቸው።

"እንግዲያው አዛዣችን አንተ ነህ" አላቸው ተኳሹ።

"የለም፣ አየር ላይ አዛዡ አብራሪው ነው።"

"አሁን እኮ መሬት ላይ ነን! እዘዘን!"

አባባ ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና፣ "ወደ ምሳ፣ ቀጥል!" አሉ።

የፓርኪንጉን አስፋልት ሦስቱም እያነከሱ፣ ግን እርምጃቸውን እኩል ለማድረግ እየተጣጣሩ ተሻገሩ። እኔ የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ ከኋላቸው ሮጥኩ።