የጋሽ ጂግሶ ጆሮ

ልጅ ሳለሁ ዲላ ውስጥ፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ጎን፣ ጋሽ ጂግሶ የሚባሉ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። ተረት የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ያኔ መብራት ሲመሽ ስለሚጠፋ መበየጃቸውን ከሰል ላይ ጥደው፣ ኩራዙን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፣ መብራቱ እስኪመጣ ያወሩልኝ ነበር። የሚቀልጠው እርሳስ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ባዶ የስፒከር ሳጥን ላይ ተቀምጬ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ እሰማለሁ። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለነበር የአማርኛው ሴትና ወንድ ይምታታባቸዋል፤ «ጅቧ መጣ» ይላሉ፤ እኔን ሴቷንም «ስማ፣ ሚጡ» ነበር የሚሉኝ።

መብራቱ ሲመጣ ተረቱ ከመሃል ይቋረጥና ሥራ ይጀመራል። ድምፁ የሻከረ አምፕሊፋየር ከሆነ መጀመሪያ ካሴቱን ይቀይራሉ። ቀጥለው የግራውን ስፒከር ሽቦ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዞራሉ።

«መሻከሩ ከዚያው ስፒከር ካልወጣ በሽታው የስፒከሩ ነው። ወደ ሌላው ከተሻገረ አምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ነው። አሁን የት ነው?»

በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ለምን እኔን እንደሚጠይቁ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ወፍራሙን ድምፅ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው ያውቁታል፤ ቀጭኑ ግን አይሰማቸውም። አንድ ምሽት ራሳቸው ነገሩኝ።

«ጆሮዬ ቀጭኗን ትቷታል። ለሰው አትንገር። አንተ ትሰማለህ፣ እኔ እሠራለሁ።»

እኔ ግን ለጎረቤታችን ልጅ ለሰዓዳ ነገርኳት። አላመነችም።

«ውሸትሽን ነው። ሳይሰሙ እንዴት ይጠግናሉ?»

ላሳያት ቆረጥኩ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ጋሽ ጂግሶ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም።

በማግስቱ ከዲላ ገደብ ከተማ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ያመጣውን የቤት አምፕሊፋየር ጋሽ ጂግሶ ውስጡን በይደው ጨረሱና ዘፈን ከፈቱበት። ዘፋኙ «ሰ» ባለ ቁጥር ድምፁ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ይሻክራል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠርቷል፣ ጋሼ» አልኩ። በር ላይ ቆማ የምታየን ሰዓዳ ሳቋን ለማፈን ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ሹፌሩ ሊወስድ ሲመጣ ጥቂት አዳመጠና ጮክ ብሎ «ጋሽ ጂግሶ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ?» አለ።

እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉና እንደገና አዩኝ። አልጠራም ብዬ ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር፤ ዕቃውን መልሰው ይከፍቱታል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እኔ ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «ጠርቷል» አልኩ።

«ጠርቷል» አሉ እሳቸውም፣ ኮራ ብለው።

ሰዓዳ አላስቻላትም። «አይሰሙም እኮ!»

ሹፌሩ ከኋላቸው ሄዶ ቆመና በለሆሳስ «ጋሽ ጂግሶ፣ ቤትዎ እየተቃጠለ ነው» አለ። እሳቸው አምፕሊፋየሩን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር፤ መወልወላቸውን ቀጠሉ። በር ላይ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ዘወር ሲሉ መጀመሪያ ያዩት የእኔን ጥርስ ነው።

ሹፌር ወሬውን በየፌርማታው ያወርዳል። ሳምንት ሳይሞላ ከጪጩ እስከ ገደብ ያልሰማ አልነበረም። አዲስ ዕቃ የሚያመጣ ጠፋ፤ ያስቀመጡትም ሳይጠገን እየመጡ ወሰዱ። «ደንቆሮ ደግሞ ድምፅ ይጠግናል?» እያሉ ጆሯቸው ሥር ያወራሉ፤ አይሰሙማ።

ከቀናት በኋላ ወደ ሱቃቸው ገባሁ። ተረት ፍለጋ ይሁን ይቅርታ፣ ዛሬም አላውቀውም። አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንቱን ነው?»

ገባኝ። በእኔ ጆሮ ተማምነው ጠርቷል እያሉ ለሰው ከመለሱት ዕቃ ሁሉ ስንቱን እንደዋሸኋቸው እየጠየቁኝ ነበር።

«ይሄን አንዱን ብቻ ነው፣ ጋሼ። ወላሂ።»

ከንፈሬን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ባለቤቶቹ ገና ያልወሰዷቸውን፣ ጠግነው የጨረሷቸውን ሁለት አምፕሊፋየሮች ከመደርደሪያው አወረዱ። ብሎናቸውን ፈትተው፣ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው፣ የሌለ በሽታ ሲፈልጉ አመሹ። «ደህና ናቸው እኮ» አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ። ቀና አላሉም።

አሁን አርባን አልፌያለሁ። ተረቶቹን ለልጆቼ ልነግራቸው ስሞክር ግማሽ ግማሻቸው ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ያቺ ምሽት ግን ሳትጎድል አለች። ወላሂ ያልኩት እውነቴን ነበር፤ እሳቸው ግን እውነቴን ከውሸቴ የሚለዩበት ሌላ ጆሮ አልነበራቸውም።