ሁለተኛው ውሃ

አማቴ ኡርሱላ ዕድሜያቸውን የፈጁት በመስፍናችን ቤተ መንግሥት ልብስ በማጠብ ነው። ለባላባቶቹ ልብስ በየቀኑ የሚሞቀው ውሃ ሁለት በርሜል ብቻ ነው። የመጀመሪያው የመስፍኑ ነው። ሁለተኛው በወጉ ለሚስቱ ይገባ ነበር፤ ግን የሚታጠብበት የቅምጡ ልብስ ነው። የሚስቱ ከዚያ በተረፈው ይለቀለቃል። የአሽከሮቹ ካልሲ መጨረሻ።

በዚያ ዓመት መስፍኑ ወታደሮቹን ለሌላ ንጉሥ ጦርነት አከራየ። ባሌን ሎረንትስን ከዳቦ ቤት ደጃፍ አፍሰው ወሰዱት። ልጃችን ገና ጡት አልጣለችም። እማማ ለቅምጡ ለእመቤት አዴልሃይድ ዳንቴል ሲያደርሱ እግሯ ላይ ወደቁ።

«ተነሺ ኡርሱላ፣ ለአንቺ ልጅማ እነግረዋለሁ» አለቻቸው። «ሰኞ ቤቱ ይገባል።»

እማማ እየሮጡ ሰፈር ድረስ መጥተው ለእኔም፣ በጦር ሰፈሩ አጥር ቀዳዳ ለሎረንትስም ነገሩ።

እሑድ መስፍኑ ከአደን ሲመለስ ክሎቲልድ የምትባል ወጣት ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ ገባው። እኛ ታች ያለነው አልሰማንም። የአጣቢዎቹ አለቃ ሄድቪግ ግን ሰምታለች። የእማማን ቦታ ለእህቷ ልጅ ስትመኝ ኖራለች።

ሰኞ ጠዋት እማማ አዲስ ዳንቴል ከክምሩ ውስጥ አገኙ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአንዷ እንግዳ ነው፤ ከካልሲው ጋር ወርውሪው» አለች ሄድቪግ። «ሁለተኛው ውሃ የማን እንደሆነ አንቺን ማን ያስተምርሻል፣ የቤቱ አሮጊት!»

ሌሎቹ ሳቁ። እማማም አብረው ሳቁ። የአዴልሃይድን በንጹሑ፣ የክሎቲልድን ካልሲ በታጠበበት ጭቃ ውሃ አጠቡ።

ከሰዓት በኋላ አዴልሃይድ በጓሮ በር በሠረገላ ወጣች፤ ስለ ሎረንትስ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እማማ ነገሩ ሲገባቸው ወደ አዲሲቷ ሮጡ። ክሎቲልድ የወየበውን ዳንቴል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ጠበቀቻቸው።

«ይሄንን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?»

«እመቤቴ፣ አላወቅኩም። ልጄን ግን…»

«አዴልሃይድ ነች የላከችሽ። ስለ ልጅሽም እሷን ለምኚ።»

ሠረገላው ከከተማ ከወጣ ቆይቷል።

በነጋታው ወታደሮቹን በድልድዩ አሻገሯቸው። እማማ ጭቃውን እየረገጡ ከሰልፉ ጎን ሮጡ።

«እማዬ፣ ሰኞ ብለሽኝ አልነበር?» አላቸው ሎረንትስ። ከዚያ ፊታቸውን ሲያይ፣ «ተይ፣ ግድ የለም። ተመለሺ፣ እግርሽ ረጠበ።»

ሄድቪግ የእህቷን ልጅ አስገባች። እማማ አሁን እኔ ጋ ናቸው፤ የጎረቤት ልብስ ተቀብለን አብረን እናጥባለን። ሕፃኗ ቆማ መሄድ ጀምራለች። እኔ ዛሬም፣ «ይመለሳል፣ ሲመጣ እየሮጠች ነው የምትቀበለው» እላለሁ። እማማ ልብሱን ማሸታቸውን አያቆሙም፤ ቀናም አይሉም።