ደልጊ ሦስት፣ ጎርጎራ ሁለት

ያስያዘኝ ምላሴ ነው። ባሕር ዳር ወደብ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጀልባ ሊሳፈር ሲመጣ፣ ቦርጩ ለብቻው ይጫን አልሁ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ታሰርሁ።

ክፍሏ ለአራት ሰው ትጠባለች፤ አሥራ ስምንት ነበርን። ሽንት ባልዲው አጠገብ አንድ ዶክተር ተቀምጠዋል። የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከንፈራቸው ተሰንጥቆ፣ እግራቸው ዞሮ የሚወለዱ ልጆችን ሲያጠኑ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት እናቶቹን እርጉዝ ሳለሽ ምን በላሽ፣ ምን አመመሽ እያሉ ይጠይቃሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ይደበቃል፤ ዘራቸው ነው ተብሎ እህቶቹን የሚያገባ ይጠፋል። ስለዚህ ስም ላይጽፉ ለእናቶቹ ቃል ገብተዋል። ደብተራቸው ላይ ያለው «ደልጊ ሦስት፣ ጎርጎራ ሁለት» እያለ ይሄዳል። መርማሪው ይኼ በስውር የሚሠራ ፓርቲ ህዋስ ነው አላቸው። የታመሙ ሕፃናት ቁጥር ነው ቢሉት፣ እንግዲያው የእናቶቹን ስም ተናገር፣ አስመጥቼ እጠይቃቸዋለሁ አለ። እምቢ አሉ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። የጀልባ ሠራተኛ ነኝ፤ በጣና ዙሪያ የማላውቀው የለም፣ የደልጊን በሽተኛ ሁሉ ያሻገርሁ እኔ ነኝ ብዬ ለክፍሉ ጎረርሁ። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዝም በል፣ ልጄ።»

ረፍዷል። ከመካከላችን ወሬ አቀባይ ነበር። በማግስቱ ተጠራሁ።

መርማሪው ደብተሩን ዘረጋ። «የደልጊዎቹ ሦስቱ እነማን ናቸው?»

አውቃቸዋለሁ። አንዷ ልጇን በነጠላ ሸፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተሻገረችው። ንፋስ ገለጠው። እንዳላየ ሆንሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ጉረኛ ነኝ። ማንንም አላውቅም።»

«ትናንት አውቃለሁ ብለሃል።»

«ትናንት ጣናን በዋና አቋረጥሁም ብያለሁ።»

ወፌ ላላ ሰቀሉኝ። ውስጥ እግሬን በገመድ ገረፉት። ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ስም ግን ከአፌ አልወጣም።

ተሸክመው አምጥተው ሲጥሉኝ፣ ዶክተሩ የሚጠጡትን ውኃ ይዘው እግሬ ሥር ተንበረከኩ። እጃቸውን ዘርግተው ቆየት አሉ።

«ልንካው?»

እዚያ ግቢ ልንካህ ብሎ የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይንኩት አልሁ። ትናንት የተወለደ ሕፃን እግር የያዙ ይመስል ጣት በጣት አጠቡልኝ። በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እኔን በኋላ ፈቱኝ፤ አሁን ግራ እግሬን እጎትታለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉማሬ ረግጦኝ ነው፣ ያውም ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ እላለሁ። ባለፈው ደልጊ ጭነት ሳወርድ ያቺ ልጇን በነጠላ የሸፈነችው እናት አይታኝ፣ ምን ሆነህ ነው አለችኝ።

ለእሷም ጉማሬ ነው አልኋት።