ሜሊንዳ ሻይ የጠጣችበት ቤት

በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ግሪምስቢ ውስጥ የዓሣ ሽታ ያልነካው እጅ ማግኘት አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን፣ ግሌኒስ ብላንቻርድ ወጣትነቷን በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ስትበልት ነው የጨረሰችው። ፋብሪካው ሲዘጋ ሽታው ብቻ እጇ ላይ ቀረ። እሱን ለማጥፋት ከጎረቤት የገዛችው፣ ሮዛሊን የሚባለው ኩባንያ የእጅ ቅባት ነው እንግዲህ ቀስ በቀስ እንጀራዋ የሆነው፤ ገዢ ሆና ጀምራ ሻጭ ሆነች።

የሮዛሊን ወኪል ደመወዝ የላትም፤ አለቃም የላትም። ካታሎጉን በየበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ ትከታለች፣ ተመልሳ ትሰበስባለች፣ የታዘዘውን ለኩባንያው ታስተላልፋለች፣ ዕቃው ሲመጣ ባለጎማ የገበያ ቦርሳዋን እየጎተተች ታድላለች። ደንበኛው ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ ያቀብላታል። ቤት የማይውል ከሆነ ደጁ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ይተውላታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ከማሰሮ ሥር የጠፋባት ሳንቲም አልነበረም። አንድ ክረምት ብቻ ቀንድ አውጣዎች ፖስታውን ከነስሟ በልተው ሳንቲሞቹን ጭቃ ላይ በትነው አገኘቻቸው፤ ለቅማ፣ አጥባ፣ ቆጥራ ሄደች። ሠፈሩም ግሌኒስን ያመነው በዚህ በዚህ ነው።

ሜሊንዳ ስኬልተን የመጣችው ኋላ ነው። እሷም ወኪል ናት፤ ግን ሌሎች ወኪሎችን የምትመለምል፣ ከነሱም ሽያጭ ላይ የምትቆነጥር፣ “የቡድን መሪ” የምትባል ወኪል። ጥፍሯ ረጅም፣ ሳቋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት።

“ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣” አለቻት አንድ ቀን በግሌኒስ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ። “ደንበኛ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥሻል አይደል? እሱን ለኩባንያው የምትልኪው ለምንድን ነው?”

“የኩባንያው ስለሆነ ነዋ!”

“ኩባንያውን በክሬዲት ካርድ ክፈዪው! ተመላሽ የሚሰጥ ካርድ አለ። ከከፈልሽው ላይ ባንኩ ቆንጠር አድርጎ መልሶ ላንቺ ይሰጥሻል። ጥሬውን ወሩ ሲያልቅ ለባንኩ ታስገቢለታለሽ። ዕዳ የለ፣ ወለድ የለ። የሰው ገንዘብ እጅሽ ላይ ወለደልሽ ማለት ነው።”

“የሰው ገንዘብ ከሆነ የወለደውስ የማን ነው?”

“አንቺ ደግሞ፣ ቄስ መሆን ነበረብሽ!” ብላ ሳቀች ሜሊንዳ።

ግሌኒስ አስባበት ካርዱን አወጣች። ነገሩ ነውር አልነበረውም፤ ዕቃው በሷ ስም ይታዘዛል፣ ኩባንያውንም የምትከፍለው እሷ ናት፣ በምን እንደምትከፍል የሚጠይቃት የለም። ግን ከዓሣ ጠረጴዛ የመጣ ጥንቃቄ አልለቀቃትምና የደንበኞቹን ገንዘብ ለብቻው በሻይ ጣሳ ታስቀምጥ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ጣሳውን ገልብጣ ባንክ ቤት ትወስደዋለች። ባንኩ በቆነጠረላት ተመላሽ ለገበያ ቦርሳዋ አዲስ ጎማ ገዛችበት፤ “ባንክ የሚገፋው ጋሪ” እያለች ለደንበኞቿ ታሳይ ነበር።

ከዚያ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተሠራች። ደረጃ መውጣት ቀርቶ ከወንበር መነሣት ዳገት ሆነባት። ሜሊንዳ አበባ ይዛ መጣች።

“ሠፈርሽን እኔ እይዝልሻለሁ። ደንበኞችሽ አይራቡብሽም። አንቺ ብቻ እግርሽን ስቀዪ።”

ግሌኒስ አመሰገነቻት። እንዲያውም ከሄደች በኋላ፣ “ክፉ አስቤባት ነበር እኮ፣” አለች ለራሷ።

ዱላ ይዛ መራመድ የቻለች ዕለት መጀመሪያ የሄደችው ሚስተር ኦስዋልድ ታስከር ዘንድ ነው። ሚስተር ታስከር ዕድሜያቸውን በዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የፈጁ ሽማግሌ ናቸው፤ ገመድ የሰነጠቀው መዳፋቸው እስከ ዛሬ አልገጠመም። ሚስታቸው ዊኒ በሕይወት ሳሉ የሮዛሊንን የእጅ ቅባት ይቀቧቸው ነበር። ዊኒ ሲሞቱ ሽማግሌው ቅባቱን መግዛት አላቋረጡም፤ በየካታሎጉ አንድ ቅባት፣ አንድ ብቻ። ፖስታው ላይ “ለግሌኒስ” ብለው ይጽፉበታል። ስለ ንፋሱ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ወንበዴዎቹ የባሕር ወፎች ደጅ ላይ ያወራሉ። ከዚያ ግሌኒስ ሌላ በር ስላለባት ትሄዳለች።

በሩ ሲከፈት ሽታው ነው ቀድሞ የመታት። ኮኮናት፣ ላቬንደር፣ ጽጌረዳና ምስክ ከጠዋቱ የአሳማ ጥብስ ጋር ተደባልቀው ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጡ። ከሽማግሌው ኋላ የጠባቡ መተላለፊያ ግድግዳ በካርቶን ተሸፍኗል። የመታጠቢያ አረፋ። የእግር መዘፍዘፊያ ጨው። የሴት ሽቶ በስጦታ ሣጥን፣ በሪባን ታስሮ።

“ሚስተር ታስከር፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?”

“መጣሽልኝ!” አሉ ፊታቸው በርቶ። “እንዴት ነው ጉልበትሽ? ሠራልሽ?”

“ጉልበቴ ደህና ነው። ይሄ አረፋ ለምንድን ነው? የመታጠቢያ ገንዳ አለዎት እንዴ?”

“የምን ገንዳ? ቤቱን የሚያከራየኝ ማዘጋጃ ቤት ነቅሎት የለም እንዴ! ቆሜ ነው የምታጠበው፣ እንደ ፈረስ።”

“ታዲያ?”

“ላንቺ ነዋ!” አሉ፣ ይህን አለማወቋ እየገረማቸው። “ያቺ ጓደኛሽ ነግራኛለች። እኔ ባዘዝኩ ቁጥር ላንቺ ይታሰብልሻል አለችኝ። ተኝተሽ ገቢሽ እንዳይቋረጥ። መጀመሪያ አንድ ነበር የወሰድኩት። ኋላ ደግሞ ሐኪምሽ ገና ነው ብሏል አለችኝ፤ ጨመርኩ።”

ግሌኒስ ከተኛች ወዲህ ከሮዛሊን አንዲት ፔኒ አልመጣላትም። ሐኪሙም ገና ነው አላለም። በዱላዋ ላይ ተደገፈች።

“ገንዘቡንስ ከየት አመጡት?”

ሽማግሌው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። “ከዊኒ ጣሳ። ሦስት መቶ ሰማንያ ፓውንድ ነው። እመልሰዋለሁ፣ ቀስ እያልኩ።”

የዊኒን ጣሳ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዊኒ መቃብር ላይ የቆመው ድንጋይ ከዊኒ ስም በታች ለባላቸው ስም የተተወ ባዶ ቦታ አለው። ሚስተር ታስከር ልጅ የላቸውም፤ ሲሞቱ ያን ባዶ ቦታ የሚሞላ ሰው እንደማይኖር ስለሚያውቁ የስም ቀራፂውን ዋጋ ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ለራሳቸው ሲያጠራቅሙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ያ ገንዘብ ነው እንግዲህ የእግር ጨው ሆኖ መተላለፊያው ላይ የተደረደረው።

ግሌኒስን የተሰማት ንዴት ቢሆን ታውቀው ነበር፤ ይህ ግን ከንዴት በታች ያለ ነገር ነው፤ የበሰበሰ ዓሣ ሳያውቁ ጨብጠው ጣት ውስጥ ሲፈርስ እንደሚሰማው ያለ።

“አንዱንም እንዳይከፍቱ፣” አለች። “የሽቶውን ሪባን እንኳ እንዳይነኩ። እመለሳለሁ።”

ሜሊንዳ በወሩ አንድ ሐሙስ ወኪሎቿን ለምሳ ትሰበስባለች። ቦታው በመርከብ ማቆሚያው አጠገብ ያለው፣ ጥብሱ በመብራት ሥር ተዘርግቶ እየተቆረጠ የሚታደልበት ምግብ ቤት ነው። ግሌኒስ ስትደርስ ሴቶቹ ሳህናቸውን ሞልተው ተቀምጠዋል።

“ኧረ ጀግናዋ መጣች!” ሜሊንዳ ተነሥታ አቀፈቻት። አንገቷ ያን የመተላለፊያውን ሽቶ ይሸታል። “ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ብዪ፣ ሁሉም በኔ ነው!” አለችና ከራሷ ሳህን ወፍራም የበሬ ጥብስ ከነመረቁ አንሥታ በሹካ አጎረሰቻት። ግሌኒስ አፏን ስትከፍት ለመናገር ነበር፤ ሥጋው ቀደማት።

“ሚስተር ታስከር ዘንድ ነበርኩ፣” አለች እያላመጠች።

“የኔ ጌታ! እንዴት ያለ ደስ የሚል ሽማግሌ ነው!”

“ገንዳ የሌለው ሽማግሌ።”

ግሌኒስ ነገሩን ከነጣሳው፣ ከነድንጋዩ ተናገረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

“በግድ አልሸጥኩለትም፣” አለች ሜሊንዳ። “ትልቅ ሰው ነው። ደስ ብሎት ነው የገዛው።”

“ለኔ ጉልበት ብሎ ነው የገዛው። አንቺ ነሽ እንዲህ ያልሽው።”

“እሺ፣ እሺ። አትቆጪ። ድርሻሽ ካነሰሽ እንነጋገር። ካርዱ ከመለሰልኝ ላይ ግማሹ ያንቺ ይሁን። ሠፈሩ ያንቺ አይደል?”

ሥጋው አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር። ጠረኑ ተለወጠባት።

“ዕቃውን ትመልሺዋለሽ፣” አለች በአንድ ጉንጯ። “አልተከፈተም፣ ጊዜውም አላለፈም። ገንዘቡን ለሳቸው ትመልሺያለሽ።”

“አይሆንማ!” ሜሊንዳ አሁን እውነቱን ተናገረች፤ ሳታስበው ሾልኮባት ነው። “ኩባንያው የሚመልሰው በጥሬ እኮ አይደለም። የተከፈለው በካርዴ ስለሆነ ወደ ካርዴ ነው የሚመልሰው። ለሱ ምን ይደርሰዋል?”

“ጥሬውስ? እሳቸው የሰጡሽስ?”

ሜሊንዳ ፀጉሯን ነካካች። ጥፍሯን አየች። የሁሉም ዓይን ጥፍሯ ላይ አረፈ።

ጆሲ የምትባለው፣ ከሁሉ ዝምተኛዋ ወኪል፣ ሳህኗን ቀስ ብላ ገፋችው። “ሜል፣” አለች፣ “የዛሬውን ምሳ በምንድን ነው የምትከፍዪው?”

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ሜሊንዳ ግን ደምቃበት ነበር፤ በደንበኞች ጥሬ ገንዘብ ጥፍሯንና ምሳውን ትከፍላለች፣ በካርዱ ደግሞ ኩባንያውን። የወሩ መጨረሻ ሲመጣ ለባንኩ የሚገባው ገንዘብ ተበልቶ ያልቃል፤ ያን ቀዳዳ ለመድፈን አዲስ ትእዛዝ፣ አዲስ ጥሬ፣ አዲስ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ጣሳ አልነበራትም። ግሌኒስን ያስተማረቻትን ትምህርት ራሷ ግማሹን ነበር የተማረችው።

ግሌኒስ የወረቀት ፎጣ አነሣችና ሥጋውን ተፋችበት። አጣጥፋ ሜሊንዳ ሳህን ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

“ውጭ የገንዘብ ማሽን አለ፣” አለች።

“በክሬዲት ካርድ ጥሬ ማውጣት? አብደሻል? ወዲያው ይቀጡሻል! ወለዱ ከዛሬ ይቆጥራል፣ ተመላሽም የለውም!”

“አዎ። የለውም።”

“የማዘዝ መብት የለሽም። ሁላችንም የራሳችን ሠራተኞች ነን።”

“እሱስ ልክ ነሽ፣ አለቃ የለብኝም። ስለዚህ ዝም በይ የሚለኝም የለም። በየደጁ ካታሎግ ስከት ዕድሜዬ አልቋል፤ ወሬም በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ነገ እጀምራለሁ፣ በዱላዬም ቢሆን።”

ጆሲ ኮቷን አነሣች። “እኔም የግራውን መንገድ እይዛለሁ፣” አለች።

ማሽኑ ከምግብ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። ሜሊንዳ ቁጥሯን ስትጫን ታለቅስ ነበር፤ የዓይን ኩሏ በጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር እየሠራ ወረደ። ካታሎጉ ላይ ውኃ አያስለቅቀውም ተብሎ የሚሸጠው ኩል ነው። ግሌኒስ ልታዝንላት ሞከረች። ሆዷ ግን እምቢ አለ። ማሽኑ ለዚህ አገልግሎት እንደሚያስከፍል ጽፎ “ይቀጥሉ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ሜሊንዳ ዞር ብላ አየቻት። ግሌኒስ በዱላዋ ጫፍ ቁልፉን አሳየቻት።

በማግሥቱ ጆሲ በመኪናዋ ካርቶኖቹን ጭና ለሜሊንዳ ወሰደችላት። ግሌኒስ ሦስት መቶ ሰማንያውን ፖስታ ውስጥ አድርጋ ላዩ ላይ “ለዊኒ ጣሳ” ብላ ጻፈችበት፤ ለሚስተር ታስከርም ሰጠቻቸው። ሳይቆጥሩ ያዙት።

“ዋሽታ ነው አይደል?” አሉ።

“ዋሽታ ነው።”

“ሁለተኛ የመጣች ዕለት ጠርጥሬ ነበር።” የተሰነጠቀ መዳፋቸውን በፖስታው ላይ አሻሹ። “ግን ተቀመጠች። አየሽ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች። ስለ ዊኒ ጠየቀችኝ። ዊኒን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ታዲያ ከዚያ በኋላ አልገዛም ይባላል?”

ግሌኒስ እስካሁን ከተጸየፈችው ሁሉ ይህ ባሰባት። ሌባ ጣሳ ቢሰርቅ ጣሳ ነው፤ ሜሊንዳ ግን መቀመጥን ነው ዋጋ ለጥፋ የሸጠችው፤ የዊኒን ስም ጠርታ፣ ብስኩት ነክራ። የተሸጠላትም ሌላ ማንም በነፃ ስላልሰጣቸው ነው። እሷ ራሷ ስንት ዓመት በዚህ ደጅ ላይ አንድ እግሯን ወደ ሚቀጥለው በር አድርጋ ቆማ ነበር?

“ቅባቴንስ?” አሉ ሽማግሌው። “አንድ ብቻ።” የተለመደውን ፖስታ ዘረጉላት።

ተቀበለቻቸውና ኪሷ አደረገችው። ወደ ውስጥ ተመለከተች። ወንበሩ እዚያው ነው፤ ትራሱ ላይ የሜሊንዳ ሽቶ ገና አልለቀቀም። ግሌኒስ በዱላዋ እያነከሰች ገባች፣ ትራሱን በሁለት ጣቷ አንሥታ ደጅ ላይ ወረወረችው።

“ምን አደረገሽ?” አሉ ሚስተር ታስከር።

“ይናፈስ ብዬ ነው፣” አለችና ጉልበቷን እየያዘች ባዶው እንጨት ላይ ተቀመጠች። “ሻዩን ወተት በዛ አድርገው ይስጡኝ። ዊኒ እንዴት ነበር የሚጠጡት?”