የቄስ ወልደማርያም አክታ

ካሣሁን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ የመጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ጎንደር የላቦራቶሪ ሙያ ተምሯል፤ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ከማይክሮስኮፑ በላይ ሰቅሎታል። የእስቴ ገበሬ ግን ሙያውን ለይቶ አያውቅለትም። ቁስል የሚያጥበውም፣ መርፌ የሚወጋውም፣ እሱም በአንድነት «ሐኪም» ናቸው። ካሣሁን በዚህ ቅር አይለውም ነበር። ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ደሙንና አክታውን በትንሽ መስኮት ተቀብሎ መጋረጃውን ሲመልስ እፎይ ይላል።

ጤና ጣቢያው የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረውም። ማይክሮስኮፑ ከሥሩ ባለች ክብ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ስለሚሠራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ካሣሁን ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ኃላፊው ድሬሰር ሀይሉ በዚህ ይቀልድበታል።

«አንተ ከገበሬው በምን ትለያለህ? እሱም አንጋጦ ሰማይ ያያል፣ አንተም አንጋጠህ ሰማይ ታያለህ!»

በ1958 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የካሣሁን የንስሐ አባት ቄስ ወልደማርያም እያሳሉ መጡ። ሳሉ ሦስት ወር ሆኖታል። ሌሊት ያልባቸዋል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ሀይሉ ደረታቸውን አዳምጦ ወደ ካሣሁን ላካቸው። የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ መርፌው እዚያው አለ፤ ቶሎ ከተጀመረላቸው ይድናሉ። የሚያስጀምረው ግን የካሣሁን ወረቀት ነው።

«አባቴ፣» አለ ካሣሁን ሦስት ብልቃጥ እያቀበላቸው፣ «ለሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ከደረትዎ የሚወጣውን አክታ ይዘውልኝ ይምጡ።»

«በፍልሰታ? ከነገ ወዲያ ይገባ የለ እንዴ? አሥራ አምስቱንም ቀን ቀዳሽ ነኝ።»

ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው ምራቁን አይተፋም፤ በየቀኑ የሚቀድስ ቄስ ደግሞ በየቀኑ ይቆርባል። ቄስ ወልደማርያም ሳሉ ሲመጣባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው የመጣውን መልሰው ይውጡታል። ካሣሁን ይህን በዓይኑ አይቷል። ሆኖም «እንደሚመችዎ ያድርጉት» ብሎ አቀረቀረ።

ነሐሴ ገብቶ ሦስት ቀን በተከታታይ ብልቃጦቹን ያመጡት ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ ናቸው። ካሣሁን የመጀመሪያውን ከፍቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ቀጭን ነው፤ እንደ ውሃ የጠራ፣ አረፋ ያለው። የታመመ ሳንባ አክታ ወፍራም ነው፣ ብልቃጡ ላይ ይጣበቃል። ይህ ምራቅ ነው። ጎንደር ያስተማረው ሰው «ናሙናው ካላሳመነህ ውጤት አትጻፍ፤ መልሰው» ይል ነበር።

ሊመልሰው ተነሣ። እትዬ ይታይሽ ዝናቡ እየመታቸው ከመስኮቱ ሥር ቆመዋል። ምን ይበላቸው? ይህ የቄሱ አይደለም ቢል ውሸታም ናችሁ ማለት ሊሆንበት ነው፤ ያውም ኃጢአቱን ሁሉ የሚያውቁትን አባት። ተመልሶ ተቀመጠ። ናሙናውን መስታወት ላይ ቀባ፣ ቀይ ቀለም አፍስሶ በአልኮል መብራት አሞቀው፣ በአሲድ አጠበው፣ ሰማያዊ ደረበበት። የሳንባ ነቀርሳ ቢኖር ከሰማያዊው መሀል ቀይ ስንጥር ሆኖ ይታይ ነበር። ደመናው ሲገለጥ በማይክሮስኮፑ ቢያይ ቀይ የለም። «አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። የሁለተኛውንም፣ የሦስተኛውንም ቀን እንዲሁ ጻፈ።

«የቄሱ ሳንባ ከኔ ሳንባ ይሻላል በለኛ!» አለ ሀይሉ ሲጋራውን እያጠፋ። የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኛቸው። ቄስ ወልደማርያም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩና «እመቤቴ ማረችኝ» ብለው ሄዱ።

ጥቅምት ላይ ቅዳሴ ቆመው ሳለ ደም መጣባቸውና ወደቁ። ካሣሁን ይህን ሲሰማ ብልቃጥ ይዞ ቤታቸው ሄደ። እትዬ ይታይሽ በራፉ ላይ ተቀበሉት።

«እንግዲህ አይቀድስ፣ አሁን ራሱ ይተፋልሃል። ያን ጊዜማ የተፋሁት እኔ ነበርኩ።»

«እርስዎ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የቆረበ ቄስ ይተፋል? ለሱ ብዬ ሦስቱን ቀን ሳልቆርብ ቀረሁ። በቁርባን የተጋባን ነን፤ አንድ አካል ናችሁ ተብለን የለ? የኔ የሱ አይደለም እንዴ?» ይህን ብለው ፊቱን ሲያዩ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ጥፋት አደረግሁ?»

«ግድ የለም እትዬ።»

ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቄሱ ራሳቸው የተፉትን በማይክሮስኮፑ ሲያየው፣ ከሰማያዊው ቀለም መሀል ቀዩ ስንጥር ተቆጥሮ አያልቅም። ሀይሉ በዚያው ሰዓት መርፌውን ጀመረላቸው፤ ምንም አልቀለደም።

ካሣሁን በሳምንቱ ከቄሱ አልጋ አጠገብ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ ልናዘዝ።»

«ድምፄ አይወጣም እኮ። በል፣ ቶሎ በል።»

«ያኔ ምራቅ መሆኑን አይቼ ነበር። እያወቅሁ አልተገኘም ብዬ ጻፍኩ።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

ቄሱ ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። «እኔስ እንዳልተፋሁ አላውቅም ኖሯል? ይታይሽ አንድ ነገር እንዳደረገች ገብቶኝ ነበር። ወረቀቱ ደህና ነህ ሲለኝ ግን ደስ አለኝ፤ ቅዳሴዬን አላስታጎለማ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቀኖናህ ይህ ነው። በሷ ምራቅ መድኃኒቱ እንደዘገየብኝ እሷ እንዳታውቅ። ልጅ የለን፤ ብቻዋን ቀርታ ይህን ስታብሰለስል አትኑር።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«ትመልሳለሃ።»

መርፌው ዘግይቶባቸው ኖሮ ቄሱ ኅዳር ሲጋመስ አረፉ።

በአርባቸው ቀን እትዬ ይታይሽ ካሣሁንን ከዳሱ ጀርባ ጠሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ራሱ ተፍቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ካሣሁን መሬት መሬቱን አየ። የመርፌው መድኃኒት ሐምሌም እዚያው ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነበር።

«አይተርፉም ነበር፣» አለ። «ያኔ ቢመረመሩም አይገኝም ነበር። በሽታው በኋላ የመጣ ነው።»

እትዬ ይታይሽ ዓይን ዓይኑን አዩት።

«እሺ፣» አሉ። «መቼም አንተ ይህንኑ ለማየት የተማርክ ነህ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ዳሱ ገቡ። እሱን ለምሳ ሁለት ጊዜ ጠሩት፤ አልገባም።