የፕሮፌሰሩ ርክክብ

ባለፈው ማክሰኞ ስልኬ ሲጮህ ደረጃው መሃል ቆሜ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ጉልበቱንም ለሚያመው ሰው ትንፋሽ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ያን ዕለት ደግሞ ውሃ ስለጠፋ ጄሪካን ይዤ ነው የምወጣው። ቁጥሩን አላውቀውም። በዚህ ዘመን የማያውቁት ቁጥር ወይ ሎተሪ ደርሶሻል ይላል፣ ወይ መዋጮ አምጪ ይላል፤ ላላነሳው ነበር። ለማረፍ ሰበብ ይሆነኛል ብዬ አነሳሁት።

ድምፁ የወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ። ከአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ እንደሚደውል ነገረኝ። ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ማኅደር እያቋቋመ ነው፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶቹን ወረቀቶች እያሰባሰቡ ነው። "የፕሮፌሰር ይርዳውን ወረቀቶች ያደራጁት እርስዎ ነዎት ሲሉ ሰማን፣ እማማ። የት እንደደረሱ ያውቁ ይሆን?" አለኝ።

እንደማውቅ፣ ግን ደረጃ ላይ እንደሆንኩ ነግሬው መልሼ እደውላለሁ አልኩት። ቤት ገብቼ አልደወልኩም። ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳልኩ መሸ። የማውቀውን ለመናገር አቅም አጣሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ወረቀቶቹን ባደራጀሁበት ዘመን ላፍቶን ከተማ ለማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ታክሲው መካኒሳ ላይ ያራግፈናል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ነው። በክረምት ቦቲ ተጫምተን፣ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዘን ነበር የምንሄደው። ዛሬ እኔ የምኖርበት ጀሞ የጤፍና የምስር ማሳ ነበር። ባህር ዛፉ መሃል አልፎ አልፎ ቪላ ብቅ ይላል፤ ከነዚያ አንዱ የፕሮፌሰር ይርዳው ቤት ነበር።

እኔ የጽሕፈትና የመዝገብ ቤት ሥራ ተምሬ፣ ቀጣሪ አጥቼ፣ ሀና ማርያም እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። የፕሮፌሰሩ ባለቤት እትዬ ሙሉነሽ ከእናቴ ጋር ማኅበር ይጠጣሉ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤታችን ጎራ አሉና "ልጅሽን ለክረምቱ አውሺኝ። ሰውዬው በወረቀት ሊቀብረን ነው" አሏት። እናቴ ለመስጠት አላመነታችም። ቤት ውስጥ ስንገላወድ አይታ ሰልችቷታል።

ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሲባል ግርማ ሞገስ ያለው፣ ድምፁ የሚያስደነግጥ ነበር የመሰለኝ። ያገኘኋቸው ግን ቀጫጫ፣ ኩላሊታቸውን የሚያማቸው፣ ካፖርት ደርበው ካልሲ ላይ ካልሲ የሚያጠልቁ አዛውንት ናቸው። ከሹመት ከተነሱ ዓመታት አልፈዋል። መነሳታቸውን የሰሙት ምሳ እየበሉ በሬዲዮ ነው። በማግስቱ ቢሮ ሲሄዱ የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። ሲያያቸው ብድግ ይል የነበረው ዘበኛ መሬት መሬት እያየ "ታዝዤ ነው ጌታዬ" አላቸው።

በእኛ አገር ሹም የሚነሳው እንዲህ ነው፤ ማንንም አይገርምም። እሳቸውንም መሻራቸው አላስከፋቸውም። አልዋጥ ያላቸው ሳያስረክቡ መውጣታቸው ነው። ዘበኛ እንኳ ፈረቃውን ሲጨርስ ለተተኪው ዱላውን ሰጥቶ፣ ያየውን የሰማውን ነግሮ ነው የሚሄደው። እሳቸው ያን ሁሉ ዓመት የመሩትን ዩኒቨርሲቲ "እንካ፤ ይሄ እዚህ ደርሷል፣ ያ ይቀራል" ብለው ለማንም ሳይሰጡ ቀሩ። በየጊዜው ለሚሾመው ፕሬዚዳንት ሁሉ እየጻፉ፣ ተረካቢ ላኩልኝ ይላሉ። መልስ የለም።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል" ይሉኝ ነበር እትዬ ሙሉነሽ። "የኔው ጉድ ግን የሚቆጨው አለማስረከቡ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ወለል ላይ እየተኛ፣ ወረቀቱ ክፍል ይዞ ይንፈላሰሳል።"

እውነታቸውን ነው። ሰርቪስ ቤቱ እስከ ጣሪያው ወረቀት ነው፤ እርጥበትና የአይጥ ሽታ ፊት ላይ ይመታል። ማኅተም ያረፈበትን ሁሉ ቢሮ ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። ወደ አዲስ አበባ ጠቅልለው የመጡት በእጃቸው የጻፉትንና ቤታቸው የነበረውን ብቻ ነው። ከየስብሰባው ማግስት የከተቡት ማስታወሻ፣ ሳይነበብ የቀረ ንግግር፣ ተማሪዎች ቤታቸው ድረስ ያመጡት አቤቱታ፣ ቀለሙ የለቀቀ የውሃ መስመር ንድፍ። የተማሪዎቹ ማደሪያ ወንዝ ዳር ለምን እንዳልተሠራ እዚያ አለ። አንድ ተማሪ ለምን እንደተባረረ፣ ኋላም ለምን እንደተመለሰ እዚያ አለ።

"ውሳኔው እነሱ ጋ አለ" አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። "ምክንያቱ ነው እኔ ጋ የቀረው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው እኔ የተሳሳትኩትን ሁሉ እንደገና ይሳሳታል፣ ልጄ።"

ሐምሌን ሙሉ እንዲህ ሆነን አሳለፍነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እኔ አቧራ አራግፌ እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር ያደርጉና ወሬ ይጀምራሉ። አንድ ወረቀት አንድ ከሰዓት ይፈጃል። እንዲህ ከሆነማ መስከረምም አይበቃን እያልኩ በሆዴ እበሳጫለሁ። እትዬ ሙሉነሽ የተቀቀለ ድንች ባዋዜ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንድ ቀን ከታች ካሉት ገበሬዎች የተገዛ እሸት በቆሎ እንጠብሳለን። ድንቹን እየላጥን ያልነበርኩበትን የሴኔት ስብሰባ ሁሉ አወቅኩት። የተለየውን ከሱቅ በለመንነው የዘይትና የሳሙና ካርቶን እንከታለን፤ ላዩ ላይ እጽፍበታለሁ።

በዚሁ መሃል መልስ መጣ። ዩኒቨርሲቲው በነሐሴ ተረካቢ እንደሚልክ አስታወቀ። ፕሮፌሰሩ ደጋግመው አነበቡት፤ ከዚያ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄዱ። እትዬ ሙሉነሽ ሱፍ ልብሱን አውጥተው ንፋስ ላይ ሰቀሉት።

የተባለው ቀን በፍልሰታ ጾም ዋለ። ፕሮፌሰሩ ከጠዋት ጀምረው ከረባት አስረው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ልዑክ ይመጣል፤ ምናልባት ምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ ቢያንስ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ብለው ይጠብቃሉ። ከቀትር በኋላ አንዲት ፒክአፕ ጭቃው ውስጥ ስትጮህ ሰማን። የሰፈሩ ጎረምሶች ገፍተው አወጧት። የወረደው አንድ ሰው ነው፤ ካኪ ጋውን የለበሰ፣ ብብቱ ሥር የቅጽ ጥራዝ የያዘ። ፕሮፌሰሩ ወዲያው አወቁት። ደጀኔ ይባላል፤ በሳቸው ዘመንም የንብረት ክፍል ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር።

"አንተን ላኩህ?" አሉት።

"ፈርሞ የሚረከብ ክፍል የኛ ብቻ ነው ተብሎ ነው፣ ፕሮፌሰር" አለ፤ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው።

ሰርቪስ ቤቱ ገብቶ ካርቶኖቹን አያቸው። አንዱን ከፍቶ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ሌላውንም ከፈተ። ከዚያ አንገቱን ያሻሽ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መዝገብ ቤት ተምሬያለሁና መጀመሪያም ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም።

"ፕሮፌሰር፣ እንዴት አድርጌ ልንገርዎት" አለ። "ቅጹ የሰነዱን ቁጥርና ማኅተም ይጠይቃል። ይሄ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው። ሰነድ ብዬ ይዤ ብገባ ምን አምጥተህ ከመርክብን ነው የሚሉኝ።"

ፕሮፌሰሩ በሩን ደገፍ አሉ። ደጀኔ ያሳዝነኝ ነበር፤ ቢያንስ እሱ መጥቷል፤ ቁልፍ የቀየሩት ሰዎች የት አሉ? ቆይቶ፣ እያፈረ "ካርቶኑን ግን መረከብ እችላለሁ" አለ። "ያገለገለ ካርቶን ብዬ። ለካርቶን ማኅተም አይጠየቅም።"

"ያገለገለ ዕቃ ዓመት ሲዞር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?"

"ሐራጅ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"መመሪያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበት ነገር ነው። ትልቅ ሰው ፊት አፌን የመክፈት ልማድ ባይኖረኝም "አይስጡ ፕሮፌሰር፤ እዚሁ ይቀመጥ" አልኩ። እሳቸው ፈገግ ብለው "እስከ መቼ? እኔ ነገ ስሞት ይህቺ ሴት ምን ታድርገው?" አሉኝ። እትዬ ሙሉነሽን ዞር ብዬ አየኋቸው። ክፍሉን ልቀቁልኝ ሲሉ የከረሙት ሴት አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እየነቀነቁ፣ አትስጥ ይሉ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካከሉና "ደጀኔ፣ እፈርማለሁ" አሉት። "ቅጹ ላይ የፈለግኸውን ጻፍ። ግን በደንቡ ነው የማስረክብህ። አንድ በአንድ፣ ምን እንዳለበት እየነገርኩህ። ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ" አለ።

የመጀመሪያውን ካርቶን አስነሱኝ። እጃቸውን ላዩ ላይ አድርገው፣ የውሃው መስመር ለምን በተራራው በኩል መምጣት እንዳለበት አስረዱት፤ ገበሬዎቹ ከታች ያለውን ምንጭ ለከብቶቻቸው እንደሚፈልጉት፣ ያንን የነካ ፕሬዚዳንት ሰላም እንደማያገኝ። ደጀኔ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚሰማው። ሲጨርሱ "ተረክቤያለሁ" አለ። ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ። ተመልሶ መጣ። ቀጣዩ የተማሪዎቹ አቤቱታ ነበር። እሱንም ሰማ፤ "ተረክቤያለሁ" አለ። ሱፍ ፍትፍቱ ቀርቦ ይጠብቃል፤ ሰውየው ጾሙን ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ የዋለ ነው። አልቸኮለም። አንድም ጊዜ ሰዓቱን ሲያይ አላየሁትም። ካርቶኖቹ አልቀው ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ እንዲህ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ድምፃቸው ዘግቶ በሹክሹክታ ጨረሱ።

ቅጹ ላይ አስረካቢ በሚለው ፕሮፌሰሩ ፈረሙ፤ ተረካቢ በሚለው ደጀኔ፤ ታዛቢ በሚለው እትዬ ሙሉነሽ። የዕቃው ዓይነት "ያገለገለ ካርቶን" ይላል። ደጀኔ በልቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ፒክአፗ ዳገቱን ስትወጣ ፕሮፌሰሩ አላዩዋትም። ሳሎን ገብተው፣ ሱፍ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተኙ። እትዬ ሙሉነሽ እንዳልቀሰቅሳቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ከተሻሩ ጀምሮ በቀን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደማያውቅ የነገሩኝ በማግስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘሁ፤ ዕድሜዬን በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ጨረስኩት። ስንቱ አለቃ ሲሄድ፣ ስንቱ በር ቁልፉ ሲቀየር አየሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያንገበግበኝ ነበር። ኋላ ኋላ ደከመኝ። ፕሮፌሰሩ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ፤ እትዬ ሙሉነሽም ተከተሏቸው። ያ ከሰዓት ተሸንፈው ነበር ወይስ የፈለጉትን አግኝተው ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ሐሙስ ለልጁ ደወልኩለት። "ወረቀቶቹ እናንተው ጋ ናቸው፤ በወጉ ተረክባችኋል" አልኩት። ደስ አለው፤ ብዕር ሲፈልግ ይሰማኛል። "በምን ስም ተመዝግበው ይሆን፣ እማማ?" አለኝ። ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ፕሮፌሰሩ ለደጀኔ እንደነገሩት አንድ በአንድ ነገርኩት።

ብዕሩን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። "ያገለገለ ዕቃ እኛ ጋ በየዓመቱ ይሸጣል እኮ" አለ።

"አውቃለሁ ልጄ።"

"በዩኒቨርሲቲው ስም ይቅርታ" አለኝ። ከልቡ ነው። ይቅርታው የሚገባቸው ሰው የሉም፤ ባለቤታቸውም የሉም። ቃሉ ተረካቢ አጥቶ እንዳይመለስበት ብዬ "ተቀብያለሁ" አልኩት።